የፈረምሁበት ግድግዳ

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ብርድ። የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ዛሬም አልሰማሁትም… ነፋሱ ወደ ቆላው ወስዶት ይሆናል።

የሴቶችን ማመልከቻ የምንጽፍበት የማኅበራችን ቢሮ አንድ ክፍል ብቻ ናት። ከበሩ አጠገብ የጸሐፊዋ የአቻምየለሽ ጠረጴዛ፣ ቀጥሎ የባለጉዳዮች አግዳሚ፣ ከመስኮቱ ሥር የእኔ ጠረጴዛ። ባሏ የደበደባት፣ መሬቷን የነጠቋት፣ ፍቺ የምትፈልግ… ሁሏም ጉዳይዋን የምትነግረኝ አግዳሚው ላይ የተደረደረው ሰው እያያት ነው። ስለዚህ ያንሾካሹካሉ። ይህ ነው የሚያናድደኝ። የዛሬ ሴቶች ቃል አያወጡም፤ ሦስት ጊዜ "ምን አልሽ?" ሳልል አንድ ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም።

ኮሚቴው ጠረጴዛዬ በፓርቲሽን ይከለል ብሎ ወሰነ። መራጯ እኔ። ከእትዬ ያይኔአበባ የበለጠ መርማሪ ከየት ይመጣል ተባለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ አንዲት ወረቀት አልጠፋችብኝም። እሺ አልሁ።

ጥር 15፣ ሐሙስ

በጸጥታው ችግር ተዘግቶ የነበረው መንገድ ተከፈተና አዛናው ከቡሬ መጣ። ቢሮ መከለል ሥራው ነው። ሦስት ናሙና ይዟል።

አንደኛው መስታወት። ያለቀሰችን ሴት ለአላፊ አግዳሚ ላሳይ? መለስሁት። ሁለተኛው ነጭ ቺፕውድ፤ ነጠላ፣ ልሙጥ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ። ሦስተኛው ድርብ ኮምፔንሳቶ ሆኖ መሐሉ ስፖንጅ፣ ላዩ ግራጫ ጨርቅ። ጨርቁ አቧራ ይይዛል። ስፌቱ ጠማማ። በሜትር ለካሁት፤ አንዱ ጎን ከሌላው በአንድ ጣት ይበልጣል። ይህን የሠራው ሰው ዓይን አለው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አዛናው ሳቀና የተሠራው ለዓይን አይደለም፣ ወሬ እንዳያሳልፍ ነው አለ።

እንግዲያው እንፈትን አልሁ። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን "ያልፈተንሽውን አትፈርሚ" እያሉ ጣታችንን በማስመሪያ ይመቱን ነበር። ያ ምት ዛሬም አለ።

ቺፕውዱን አቆምነው። አቻምየለሽ ከወዲያ ሆና የማኅበሩን ደንብ አነበበች፤ እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አዳመጥሁ። ምንም። ጸጥ ያለ።

"አይሰማም። አይደል?" አልሁ።

ዘበኛችን አድማሴ መሬት መሬት አየ። አዛናው ጉሮሮውን ጠረገ።

"አንቱ አይሰማም ካሉ… እኛ ምን እንላለን፣ እትዬ?"

ፈረምሁ።

ጥር 19፣ ሰኞ

ፓርቲሽኑ ቆመ። ውሃ ልክ አስቀምጬ አየሁት። እንከን የለውም።

ጥር 20፣ ማክሰኞ

ወይኒቱ የምትባል ሴት ከማንኩሳ በላይ ካለ ገጠር መጣች። ለመናገር ፈራች። ተናገሪ፣ ይህ ግድግዳ ወሬ አያሳልፍም አልኋት።

ልጇ ዓባይነሽ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ስድስተኛ ክፍል። አባትየው ደስታው፣ ገደፋው ለሚባል ሰው ልጅ ሊድራት ቃል ሰጥቷል። ሠርጉ የካቲት 2፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ። እናትየው ልትሸሽግ አስባለች፤ ቅዳሜ ገበያ ብላ ልጅቱን ይዛ ትወጣለች፣ ከዚህ በአምስት ሰዓት አውቶቡስ ደምበጫ፣ እህቷ ዘንድ። እኔ እዚያ ልጅቱን ለሚቀበላት ትምህርት ቤት ደብዳቤ እንድጽፍላት ነው የመጣችው። እጄን ይዛ "እሜቴ፣ ነፍሴን ነው ያስቀመጥሁብዎት" አለች።

ደብዳቤውንም ቃሏንም ጻፍሁ። እንደ ልማዴም መልሼ አነበብሁላት። ፍርድ ቤት ተመልሶ ያልተነበበ ቃል ቃል አይደለም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከተማውን፣ የእህቷን ስም። በጣቷ ፈረመች።

ስሸኛት አግዳሚው ላይ አንድ ጎልማሳ እህቱን ይዞ ተቀምጧል። እህቲቱ አየለች ትባላለች፤ የፍቺ ማመልከቻዋን ባለፈው ሳምንት እኔው ጽፌላታለሁ። ወይኒቱ ሰውየውን ስታይ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እሱም ተራቸው ሳይደርስ እህቱን አስነሥቶ ወጣ። ምን አስቸኮለው?

ጥር 22፣ ሐሙስ

ፊደሎቼ ከመስመር ወጥተዋል…

ልጅቱን ወስደዋታል። ትናንት፣ በአስተርዮ ማርያም፣ አባቷ ራሱ ገደፋው ቤት አድርሶ አስረክቧታል። ሠርጉን ወደ ጥር 27 አምጥተውታል። ወይኒቱ እያለቀሰች ለአቻምየለሽ ደውላ ነገረቻት።

ማን ነገራቸው? መዝገቡ ተቆልፏል። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። እኔ ለማንም አልተነፈስሁም። ከእኔ ሌላ ቢሮው ውስጥ ያለችው…

ጠየቅኋት። "አንቺ ነሽ?" አልኋት።

አቻምየለሽ ፊቷ አመድ መሰለ። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። አምስት ዓመት አብራኝ ሠርታለች፤ ከእኔ ቀድማ ተነሥታ ስትወጣ የዛሬው የመጀመሪያዋ ነው።

የቤቴን በር በጠራራ ፀሐይ ቆለፍሁ። ተመልሼ አየሁት። ደግሜ አየሁት። ደስታው ቤቴን ያውቅ ይሆን? ልጅቱስ… አሁን የት ነው የተቀመጠችው? አጠገቧ ማን አለ?

ጥር 23፣ ዓርብ

ከዚህ በኋላ የምጽፈውን መጻፍ አልፈልግም። ግን ሳልጽፈው የቀረ ነገር የለኝም።

ወይኒቱ መጣች። ከንፈሯ አብጧል። ገደፋው ለባሏ ሁሉንም ቃል በቃል ነገረው አለችኝ። ቅዳሜ፣ አምስት ሰዓት፣ ደምበጫ፣ የእህቷ ስም።

"አንቱ እንዳነበቡልኝ አድርጎ ነው የነገረው። ያን ዕለት አግዳሚው ላይ የነበረው እኮ እሱ ነው።"

ለምን ያን ጊዜ አልነገርሽኝም አልኋት።

"አይሰማም አሉኝ። አመንሁዎት።"

ከሄደች በኋላ አድማሴን ጠራሁት። ከጠረጴዛዬ ወንበር ተቀምጦ እንዲያወራ አዘዝሁና እኔ አግዳሚው ላይ ሆንሁ። ምንም የለም። ጀምር እንጂ አልሁት። አንገቱን በጠርዙ አውጥቶ አየኝ… ሲያወራ ኖሯል። ቀጥል አልሁና ተነሥቼ መዳፌን ቺፕውዱ ላይ አደረግሁ። ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። የሰው ድምፅ ከመዳፌ ሥር እንደ ንብ ቀፎ ይተማል፤ ጆሮዬ ግን ባዶ ነው።

ቦታ ተለዋወጥን። እኔ ከውስጥ አንድ ገጽ አነበብሁ፤ ለራሴ እንደማነበው፣ ቀስ ብዬ። አድማሴ አንዲት ቃል ሳያስቀር መለሰልኝ።

"ድሮም ይሰማ ነበር፣ እትዬ። አንቱ ደግሞ… ይቅርታ ያድርጉልኝ… ሲያነቡ ድምፅዎ መንገድ ድረስ ይወጣል።"

ለምን አልነገራችሁኝም አልሁት።

"ማን ደፍሮ?"

ደወሉን ነፋስ አልወሰደውም። ሴቶቹም አላንሾካሾኩም። ያቺን ልጅ አሳልፌ የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ በራሴ አፍ፣ ቃሉን አጥርቼ፣ ነጥቡን ጠብቄ።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ዛሬ ያች አውቶቡስ የምትሄድበት ቀን ነበር።

አቻምየለሽ ቤት ሄድሁ። ደጃፏ ላይ ቆሜ የበደልሁሽ እኔ ነኝ፣ ጆሮዬ ሞቷል አልኋት። ጆሮዬ ሞቷል ስል የመጀመሪያዬ ነው። ግድግዳውን ያዝሁ። ወንበር አመጣችልኝ። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ ብላ ፊቷን ወደ ፊቴ አዞረች፤ ከንፈሯን እያየሁ ሁሉንም ሰማሁ።

ድሮም ታውቅ ነበር ለካ። ሁሉም ያውቅ ነበር።

ለሕግ ሰዎች አመልክተናል። እናያለን፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን አሉን። ሠርጉ የዛሬ ሦስት ቀን ነው። ሰኞ ወደ ማንኩሳ፣ ገደፋው ቤት እሄዳለሁ አልሁ። አቻምየለሽ ለብቻዎ አይሄዱም አለች። እንዴት እንደምፈራ አልነገርኋትም። አይታዋለች መሰለኝ።

ጥር 26፣ ሰኞ

ተመልሼያለሁ። በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ማንኩሳ በባጃጅ ደረስን፤ ከዚያ በእግር። ገደፋው ግቢ ዳስ ይጥላሉ። ልመለስ አልሁ በልቤ… ሁለት ጊዜ። ግን እግሬ ሄደ። ደጃፉ ላይ፣ ገቢና ወጪው በሚያልፍበት የበሩ መድረክ ላይ ተቀመጥሁ። እህል አቀረቡ። አልቀምስም አልሁ። ልጅቱን ሳልይዝ አልቀምስም፣ አልነሣምም። ሽበት ያለው ሰው ከሠርግ ቤት ደጃፍ እህል እንቢ ብሎ ሲቀመጥ ሙሽራ እንዴት ይወጣል? ሴቶቹ ከዳሱ እጃቸውን ሰበሰቡ።

ገደፋው ወጣ። ተናገረ። አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ አያለሁ።

"ምን ይላል?" አልኋት አቻምየለሽን።

"ይሰድብዎታል።"

"ጻፊው።"

ጻፈች። ደግሞ ሲናገር ደግሞ ጻፈች። ሰው የሚናገረው ሲጻፍ ቃሉን ያሳጥራል፤ ይህን ከፍርድ ቤት አውቃለሁ። እያሳጠረ ሄዶ ዝም አለ። በመሐል ደስታው ዱላ ይዞ ደረሰ፤ ከፊቴ መሬቱን መታው። አቧራው አፌ ገባ። ዓይኔን ግን አልነቀልሁም።

ፀሐይ አዘነበለች። ያን ጊዜ አየለች ከጓዳ ወጣች። ከባሏ ከሸሸች ጀምሮ እዚያው ወንድሟ ቤት ናት። መጥታ ከእኔ ጎን መድረኩ ላይ ተቀመጠች። እኔ እንኳ እስክሰማ ድረስ ጮክ ብላ ተናገረች፦

"ወንድምዬ፣ እኔንም በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው የዳራችሁኝ። ዛሬ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ይዘኸኝ የምትዞረው በዚያን ዕለት ሠርግ ጠንቅ ነው።"

ገደፋው እህቱን አላያትም፤ ዳሱን ነው ያየው። ከዚያ ወደ ደስታው ዞሮ አንድ ነገር አለ። አቻምየለሽ "ልጅህን ውሰድ፣ እኔ አልፈልግም አለው" አለችኝ።

ዓባይነሽ ወጣች። አዲስ ቀሚስ አልብሰዋታል፤ እጅጌው እጇን ውጦታል። አባቷ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ሄደ። አየለች ተነሥታ መሐል ቆመች። እኔም ተነሣሁ… እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም።

ወይኒቱን ከመንገድ አገኘናት። እናትና ልጅ የመጨረሻዋን ሚኒባስ ያዙ። እስክትጠፋ ድረስ ከኋላ አቧራ ይነሣ እንደሆነ እያየሁ ቆምሁ።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ደስታው በቢሮው ደጅ ሁለት ጊዜ አለፈ። ሁለተኛው ላይ ቆሞ አየኝ። አልገባም። ልጅቱ ደምበጫ እንዳለች ያውቃል፤ ማን ዘንድ እንዳለች ግን አያውቅም፤ የወይኒቱን እህት ቤት ትተው ሌላ ቦታ አስቀምጠዋታል። አድማሴ በሩን ለቅቆ አያውቅም።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ለኮሚቴው ሁሉንም ተናገርሁ። ቆሜ፣ ሳላሳጥር። ሌላ ሰው ምረጡ ብልም እንቢ አሉ። ሴቶቹ የሚፈልጉት አንቱን ነው፣ ጆሮውን አቻምየለሽ ታበድርዎታለች ተባለ። ስለዚህ አሁን አግዳሚው ውጭ ከግራቪሊያው ዛፍ ሥር ነው። ቃሉን እኔ እጽፋለሁ፤ መልሳ የምታነበው አቻምየለሽ ናት፣ በባለጉዳይዋ ጆሮ።

ነጩን ቺፕውድ አስነቀልሁት። አዛናው ሦስተኛውን ናሙና አምጥቶ አቆመ። ያ ጠማማ ስፌት። ጨርቁ አሁንም አስቀያሚ ነው። ከውስጥ ሆኜ ደንቡን በሙሉ ድምፄ አነበብሁ፤ አቻምየለሽ ከወዲያ አዳመጠች። ወጥቼ አየኋት። አይሰማም አይደል ልል አፌ ላይ መጥቶ ነበር… ዋጥሁት።

"ይሰማል፣ እትዬ" አለች። "ሁለት ቃል ሰምቻለሁ።"

አልፈረምሁም። አዛናው ሌላ ድርብ ሊጨምርበት ወደ ቡሬ መለሰው።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። ወይኒቱ ናት። ስልኩን ለአቻምየለሽ ሰጥቼ ከንፈሯን አየሁ። ዓባይነሽ ትምህርት ጀመረች አለችኝ፤ ደብዳቤዎን ተቀብለዋል።

"የትኛው ትምህርት ቤት ነው የገባችው?" አልሁ።

አቻምየለሽ በመስኮቱ አግዳሚው ላይ ወደተቀመጡት ሰዎች አየችና ጣቷን አፏ ላይ አደረገች።

ጥያቄዬን አልደገምሁም።