ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ገመድ

ለምወድህ ወንድምዬ፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? እግርህስ ብርድ ሲመጣ አሁንም ይጠዘጥዝሃል? ባለቤትህን ወገቧን ተሻላት ወይ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው፣ ጫማቸው በየወሩ አልጠበባቸውም? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ፤ ዓይኔ ብቻ ያለ መነጽር አላነብም ብሎ አምጿል። እንግዲህ ይህን ከጠየቀች በኋላ እንደ ልማዷ «ሌላ አዲስ ነገር የለም» ብላ ልትዘጋው ነው ብለህ ከሆነ ተሳስተሃል። ዛሬ ወሬዬ ከወረቀቱ ሊተርፍ ነው። እጄ እየቀደመኝ ፊደሉ ከተንጋደደብህ ይቅር በለኝ። ከሐሙስ ጀምሮ እንደ ልጅ እየቦረቅሁ ነው። ስልክ ልደውልልህም አስቤ ነበር፤ ግን አንዳንድ ነገር አለ በድምፅ የማይወጣልኝ። ታውቀኛለህ።

ባለፈው ስትጽፍልኝ ትልቋ ልጅህ በትምህርት ቤት ውድድር ድሮን ተሸልማ፣ ታብሌቷ ከመቆጣጠሪያው ጋር አልገናኝ ብሎ እንደምትነጫነጭ ነግረኸኝ ነበር። አንተም «የተበላሸ ነው የሸለሟት» ብለህ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቅለኸዋል። አውርደው! ምናልባት ምንም አልሆነም። እትዬ ደግሞ ከየት አመጣሽው ካልከኝ፣ ይኸውልህ ከሥር ከመሠረቱ ልንገርህ።

የምሠራበት ድርጅት ጣሪያ እንደሚጠግን ታውቃለህ። ቢሮውን አጸዳለሁ፣ የዕቃ ክፍሉም ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ሰው ጣሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ድሮን ይላካል። እሱን የምታበርረው ፓይለቷ የምንላት ሳቂታ ሴት ናት፤ አፏ አያርፍም። መቆጣጠሪያው በሁለት እጅ ይያዛል። ግራና ቀኙ ተስቦ ሲከፈት ስልክ መሃሉ ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ በአንዲት አጭር ገመድ ይያያዛሉ። ያን ጊዜ ድሮኑ ከሰማይ ሆኖ የሚያየውን ሁሉ አንተ መሬት ላይ ቆመህ ስልኩ ላይ ታየዋለህ። ፀሐይ ሲበረታ ግን ስክሪኑ ስለማይታይ ጃንጥላ የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋታል። ያ ሰው እኔ ነኝ። ሲሾሙኝ የሳቁት ሳቅ! እኔ ግን በዚያ ጃንጥላ ሥር ቆሜ ስንት አገር አየሁ መሰለህ።

መመሪያውንም ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። እኔ ስከፍተው የታሸገበት ላስቲክ እንኳ አልተቀደደም ነበር። የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ያለችውን ወረቀት ሳላነብ የማልጥል ሰው፣ መጽሐፍ የሚያህል መመሪያ ሳገኝ ምን እንደምሆን አስበው። ገመዶቹ ደግሞ በየመሳቢያው ተጠላልፈው ሲያስቸግሩ አሮጌ ልብሶቼን ቀድጄ ምልክት አበጀሁላቸው፤ ለድሮኑ ገመድ ቀይ ጨርቅ፣ ለእጅ ባትሪው ሰማያዊ፣ ለመሰርሰሪያው ቢጫ። ከዚያ ወዲህ ገመዱን የሚያይ ሰው የለም፣ ጨርቁን ነው የሚያዩት። «እማማ ያሰሩት አይሳሳትም» ይላሉ።

ሐሙስ ጠዋት ወደ አንድ አሮጌ የጨርቃ ጨርቅ መጋዘን ሄድን። ጣሪያው ያፈሳል፣ ሰማዩም በአንድ ወገን ጠቁሯል፣ ውስጥ ያለው ጨርቅ ደግሞ እስከ ኮርኒሱ ተከምሯል። ባለቤቱ ዝናቡ ሳይመጣ የት የት እንደተቀደደ ካልነገራችሁኝ ብሎ እየተንቆራጠጠ ነው። አብሮን የመጣው ዋናው ጣሪያ ሠሪያችን ነው። አወጣጡን ያየ ሁሉ ድመቱ ይለዋል። ሦስት ትንንሽ ልጆች አሉት።

ፓይለቷ ቀይ ጨርቅ ያለበትን ገመድ አውጥታ ስልኳን አያያዘችው። ስልኩ «አልተገናኘም» አለ። ነቅላ ሰካች፣ ያው። አጥፍታ አበራች፣ ያው። አፑን አጥፍታ እንደገና ጫነች፣ ያው። ስልኩን ትታ ታብሌቱን አመጣች፤ እሱም «አልተገናኘም» ሲል «ይሄም አኮረፈኝ!» ብላ እግሯን መሬት ላይ መታች። ድመቱ ገመዱ ይሆን እንዴ ብሎ ሲጠይቃት «አታይም እንዴ፣ ቻርጅ እያደረገ? ገመዱማ ጤነኛ ነው። ደሞ የእማማ ቀይ ጨርቅ አለበት» አለችው። ጃንጥላዬን ይዤ ኮራ አልኩ፣ አትታዘበኝ።

ድመቱ ትዕግሥቱ አለቀ። «እኔ አንቺን ሳላውቅ በምን ነበር የምወጣው? የእኔ እግር እንደሆነ ቻርጅ አይፈልግም» ብሎ መሰላሉን ከመኪናው አወረደ። ፓይለቷ ቆርቆሮው የበሰበሰ ነው፣ አንተ እብድ ብላ ጮኸችበት። እሱ ምን ገዶት። ወደ እኔ ዞሮ «እማማ፣ ጃንጥላውን ይተዉትና ይቺን መሰላል ይያዙልኝ» አለኝ።

ወንድምዬ፣ መሰላል ከያዝኩ አርባ አንድ ዓመት ሆኖኛል።

ያዝኩት። በሁለት እጄ ጭምድድ አድርጌ ስይዘው ድመቱ ከላይ «እማማ፣ መሰላሉን ሊያንቁት ነው እንዴ?» እያለ ይቀልዳል። አምስተኛው ደረጃ፣ ስድስተኛው። ላለማየት ዓይኔን ወደ ታች መለስኩ። የድሮኑ ሳጥን እግሬ ሥር እንደተከፈተ ነው፣ ገመዱም ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሏል። ጨርቁን አየሁት። ጥርት ያለ ቀይ ነው፣ አንዲት እድፍ የለበትም። ያን ጊዜ ሰኞ ዕለት የሠራሁት ሥራ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ጨርቆቹ ቆሽሸው ብታዘብ ሁሉንም ፈትቼ አጥቤ፣ አድርቄ መልሼ አስሬያቸው ነበር። የድሮኑና የእጅ ባትሪው ገመድ ደግሞ እንደ መንታ ነው የሚመሳሰሉት። መመሪያው ገና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ኃይል ብቻ የሚያስተላልፍ ገመድ አለ፣ መረጃም የሚያስተላልፍ አለ፣ እንዳታደባልቁ ይላል። ያን ያነበብኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ያደባለቅሁትም እኔው ነኝ።

መሰላሉን እንደያዝኩ ጮህኩ። «ውረድ! ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ገመዱን ያቀያየርኩት እኔ ነኝ፣ ውረድ!» አልኩ። ፓይለቷ በኋላ እማማ ድምፅም አላቸው እንዴ ብላ ሳቀችብኝ። ድመቱ ደንግጦ ወረደ። ሁለቱም እግሮቹ መሬት እስኪነኩ ድረስ እጄን አላነሳሁም።

ሰማያዊ ጨርቅ ያለበት ገመድ ከእጅ ባትሪው ጋር መኪናው ውስጥ ነበር። ፓይለቷ ሰካችው። ስልኩ ቂው አለና ልፍቀድ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ እሺ አለችው። ወዲያው ስክሪኑ ላይ የሦስታችን ጫማ ብቅ አለ! ድሮኑ መሬት ላይ ተቀምጦ እኛን እያየን ነበር። ሦስታችንም እንደ ሞኝ እልል አልን። ከዚያ ተነሣ፣ ወጣ፣ መሰላሉን አለፈና ጣሪያውን አሳየን። ልክ ከመሰላሉ አናት ሥር ያለው ቆርቆሮ ዝገት በልቶት ወንፊት መስሏል። ድመቱ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ «እዚህ ጋ ነበር የምረግጠው» አለ። ከዚያ መሰላሉን መኪናው ላይ መልሶ ጫነ። ሲመለስ «ከዛሬ ጀምሮ እማማ ጨርቅ እንዳያጥቡ ይታገዱ» ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ።

ሥራው ሲያልቅ ፓይለቷ መቆጣጠሪያውን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ካሜራውን በጣቴ ወደ ታች አዞርኩት። አንዲት ወፍ ከድሮኑ በታች ስትበር አየሁ። ወንድምዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ የምትበር ወፍ ጀርባዋ ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው!

አሁን ደግሞ በድምፅ አልወጣ ያለኝን ልጻፈው። ያን ቀን ጣሪያችን ሲያፈስ አባባ ውጣ ብሎህ በመሰላሉ ወጣህ። «እትዬ፣ ያዝሽው?» አልከኝ፤ «ይዤዋለሁ» አልኩህ። ከአንተ ደብተር እየሰረቅሁ ፊደል የማጠናበት ጊዜ ነበር። ነፋስ አንዲት የጋዜጣ ቁራጭ አምጥቶ አጥሩ ላይ ለጠፈልኝ። ሁለቱንም እጄን ለቅቄ ሄድኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳልደናቀፍ አነበብኩ፤ የጫማ ቀለም ማስታወቂያ ነበር። ጨርሼው ደስ ሲለኝ አንተ ወደቅህ። አባባ ሲጠይቀኝ «እኔ ይዤ ነበር፣ እሱ ቸኩሎ ነው» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ በሙሉ ችኩሉ ብሎ ጠራህ። አንተም አመንከው፤ እግርህን የጠየቀህን ሰው ሁሉ «የራሴ ጥድፊያ ነው» እያልክ ነው የኖርከው። እኔ በዚያ ስም ጠርቼህ አላውቅም፣ ምላሴ እምቢ ይለኛል። ለባለቤቴ እንኳ ሳልነግረው ሞተብኝ። ሐሙስ ዕለት ግን ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት እንደሚቻል፣ ተብሎም ሰው በሕይወት እንደሚውል አየሁ። ስለዚህ ላንተም እላለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። መሰላሉን ለቅቄው ነበር። ብትቆጣ ተቆጣ፣ ዝም ብትልም ይገባኛል።

ፓይለቷ የላክህልኝን የድሮኑንና የታብሌቱን ፎቶግራፍ አይታ ልክ የሚሆነውን ገመድ መርጣልኛለች፤ በፖስታው ውስጥ አለ። ቀይ ጨርቅ አስሬበታለሁ፤ ይህን ሦስት ጊዜ ፈትሼዋለሁ። ታብሌቱ ልፍቀድ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ልጅህ እሺ ትበለው፤ ቻርጅ ብቻ የሚለውን አትንካ።

ባለቤትህን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ከባድ ዕቃ እንዳታነሣ አደራ። ትልቋን ልጅህን፣ አክስትሽ ጃንጥላ ያዥ ሆናልሻለች በላት። ጥያቄ የሚያበዛውን መካከለኛውን፣ ጥያቄህን እየጻፍክ ላክልኝ በለው። ትንሿን እቅፍ አድርግልኝ። ሦስቱንም ሰብስበህ ደግሞ አባታችሁ ያን ቀን አልቸኮለም በላቸው። ከአክስታችሁ አፍ የወጣ ነው በላቸው።

እትዬህ

ከዕቃ ክፍሉ ጠረጴዛ፣ ከገመዶቹ መሳቢያ አጠገብ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.