ለሃያ ቀን ፈቃድ የጻፍኩት ወረቀት

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሺ «ወይኔ» ትያለሽ? እማዬስ? የቀኝ ዓይኗ ጭራሽ ጨለመ ወይስ ጥላ ጥላ ይላታል? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ማለት ቆሞ መሄድ ከሆነ።

ወሬውን ልንገርሽና ይውጣልኝ። ለእማዬ የዓይን ቀዶ ጥገና እመጣለሁ ብዬሽ አልነበር? አለቃዬን ሃያ ቀን ፈቃድ ብጠይቀው «ያ ጉደኛ ነገር ቢበላሽ ማን ያስተካክለዋል?» አለኝ። ጉደኛው ነገር ምን መሰለሽ፣ የመሥሪያ ቤታችን ፕሮግራሞች ሁሉ ሲነሱ «የት ልሂድ? በየትኛው ፓስወርድ ልግባ?» ብለው የሚጠይቁት ሶፍትዌር ነው፤ ላይብረሪ እንለዋለን። ስምንት ዓመት አመሉን የቻልኩት እኔ ብቻ ነኝ። «እንግዲያው የምታውቂውን ሁሉ ወረቀት ላይ አስፍሪና ሂጂ» አለኝ።

አሰፈርኩዋ! ይህ ላይብረሪ መመሪያው የተጻፈበትን የሴቲንግ ፋይል ሲያጣ «አጣሁ» አይልም፤ በራሱ ግምት ሥራውን ይቀጥላል፤ ልክ እንደዚያች ጎረቤታችን፣ ሳታውቅ «አውቃለሁ» እንደምትለው። ስለዚህ «መጀመሪያ ፋይሉን ማግኘቱን አረጋግጡ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ነገር ሁለት ቦታ ከተጻፈ ደግሞ የሚሰማው ሰርቨሩ፣ ማለትም ዋናው ኮምፒውተር ላይ ያለውን ነው፤ ፋይሉን ቀኑን ሙሉ ብታርሚ ለድንጋይ እንደ መምከር ነው። በመስመር መጀመሪያ አንዲት ባዶ ቦታ ከበዛች ከሥሯ ያለው ሁሉ ቤቱን ይስታል። የሚያነበውም ሲነሳ አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ ካረሙ በኋላ አጥፍቶ ማስነሳት ነው። ይቺን የመጨረሻዋን እስካውቅ ስንቴ መጸዳጃ ቤት ገብቼ እንዳለቀስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

አጠገቤ የሚቀመጠው፣ ባርኔጣውን ከራሱ የማያወርደው ፕሮግራመር «አንቺ ሴት፣ ሁለት ሦስቱን ለራስሽ አስቀሪ» ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም። የእማዬ ልጅ ሆኜ የተጠየቅሁትን እንዴት ልሸሽግ?

በሳምንቱ ሲስተሙ ቆመ። አለቃዬ ወረቀቴን ለሚስቱ ወንድም ሰጠው፤ ሰውዬው ከተቀጠረ ገና ወሩ ነው። በጣቱ እየተከተለ አነበበና በዐሥር ደቂቃ አስነሳው። ቢሮው አጨበጨበ። እትዬ፣ እኔም አጨበጨብኩ! በማግስቱ አለቃዬ አስጠርቶኝ «ወረቀትሽ ግሩም ነው፤ ከእንግዲህ ማንም ይሠራዋል» አለና መታወቂያዬን እንዳስረክብ ነገረኝ። ሃያ ቀን ብለምነው ጠቅላላውን ሰጠኝ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ። ባለ ባርኔጣው እስከ ደረጃው ሸኘኝና «ወጥ ቤቱን አሳይተሽ ማማሰያውንም አስረከብሽ» አለኝ። ሊያስቀኝ ነበር መሰለኝ፤ እኔ ግን ሳቁ ከየት ይምጣ?

እዚህ ሰው አገር ሥራ የሌለው ሰው የመኖሪያ ፈቃዱ በወሩ ያበቃል። ከወጣሁ ወደዚህ መመለሻ የለኝም። ሁለት ሻንጣ አስሬ ክፍሉን ሳየው ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ስጠብቅ የኖርኩ መሰለኝ። ማክሰኞ እገባለሁ፤ ለቀዶ ጥገናው እደርሳለሁ።

ባለቤትሽን ጋሼን ሳሚልኝ፤ ለሻንጣ የሚሆን ቦታ ያመቻችልኝ። ታላቂቱን ልጅሽን «አክስትሽ አልጋሽን ልትጋራሽ ነው» በያት። መንትዮቹ እንዳይጣሉ ሁለቱንም እኩል ሳሚልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ለስንት ቀን ነው የምትመጣው ብላ ከጠየቀችሽ ግን፣ ፋሻው ተነሥቶ ፊቴን እስክታይ ድረስ አንቺም እንደማታውቂ ሁኚ።

እህትሽ
ከታሠሩት ሻንጣዎች አጠገብ፣ ኅዳር 14 ቀን