ማንም የሚጠግነው ሞተር

ጎንደር፣ ቁስቋም
ጥቅምት መገባደጃ

ለውድ ወንድም ዓለም፣

ይህ ወረቀት ደጅህ ሲደርስ አንተንም፣ እናታችንንም፣ ባለቤትህንና ልጆቹንም በጤና ያግኝልኝ። ገብሱ እንዴት ነው? ውርጩ ዘንድሮ ማረው? የእናታችን ጉልበትስ በብርዱ ያው ነው ወይስ ትንሽ ለቀቃት? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር የቁስቋሟ እመቤት ትመስገን ደህና ነኝ። አባባም ሰላም ይሉሃል። ሰላም በይልኝ ያሉኝ በገዛ አፋቸው ነው፤ እኔ ለማስታረቅ ብዬ የጨመርሁት አይደለም።

ስልኩ እንደሆነ ወደ እናንተ መሥራት ካቆመ ሰነበተ። ቢሠራም ይህን ሁሉ በስልክ አልነግርህም ነበር፤ አባባ ከአጠገቤ አይርቁምና። ወረቀቱን የሚያደርስልህ ልዑልቃል ነው፣ ያ ጨው ነጋዴው። መንገዱ ከተከፈተ በመኪና፣ ካልተከፈተም ከደባርቅ ወዲያ በበቅሎ አደርሳለሁ ብሎኛል። እግዜር ይርዳው።

አባባ ያችን ላንድክሩዘራቸውን በአይሱዙ አስጭነው ጎንደር የገቡ ዕለት ከአራዳ ወረድ ብሎ ካለ ጋራዥ አወረዷት። መካኒኩ ሰውአገኝ ይባላል። አታውቀውም፤ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው፣ አባባን “አያ ክንዱ” እያለ እንደ ወላጅ አባቱ ያከብራቸዋል። እኔም ስፌት ቤቴን ዘግቼ ሄድሁ። ኮፈኑን ሲከፍተው የተቃጠለ ዘይት ሽታ ግቢውን ሞላው። ሞተሩ ነክሷል አለን። ነከሰ ማለት በሙቀት ብዛት ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ቀረ ማለት ነው፤ እኔም ያን ቀን ተማርሁ። ፈታትቶ ሲያየው ደግሞ የሞተሩ ዋና አካል፣ ብሎኩ ራሱ ተሰንጥቋል። ይህ አይጠገንም፣ ሌላ ሞተር ፈልጉ አለ።

ቀጥሎ አባባን አንድ ነገር ጠየቃቸው። ውኃው ሲያልቅ፣ የሙቀት መርፌው ሽቅብ ሲወጣ አላዩትም ወይ አላቸው። አላየሁትም ይላሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አንተም ቧሂት ዳገት ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው በቆመበት፣ አርጅተዋል፣ ዓይንዎ አያይም፣ መሪውን ይልቀቁ ያልሃቸው ይህንኑ ብታስብ ነው።

ወንድም ዓለም፣ አይተውታል።

“አየሁት እንጂ፣ ቀዩ ላይ ነበር” አሉት።

የውኃው ቱቦ የፈነዳው ገና ዳገቱን ሲጀምሩ ነው። ሐኪም ቤት የሚወስዷት ታየች ከኋላ በምጥ ተይዛለች፣ ልጁ በእግሩ መጥቷል፣ አዋላጇ በመስቀል ይዣችኋለሁ እንዳትቆሙ እያለች ታለቅሳለች። ቆመው ሞተሩ እስኪበርድ፣ ሰው ወርዶ ከምንጭ ውኃ እስኪቀዳ ቢጠብቁ ታየች አትጠብቅም። መርፌውን እያዩ ነዱ። እስከሚችልበት ወሰደን፣ ከዚያ በላይ ምን ያድርግ አሉ ለሰውአገኝ፣ ስለ ሞተሩ እንደ ሰው እያወሩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንተ ታውቀዋለህ። ቃሬዛ ይዘህ የደረስህ፣ ከፊት ሆነህ ዳገቱን ያሻገርሃት አንተ ነህና።

ምነው ያን ጊዜ ለልጅዎ አልነገሩትም አልኋቸው ወደ ቤት ስንመለስ። “ትከሻው ደምቶ ነበር” አሉኝ። “ደክሞታል። የደከመው ሰው ይናገር ብዬ ተውሁት።”

ይህን የምጽፍልህ ልወቅስህ አይደለም። ከዚያ ዕለት ወዲህ ደጃቸውን እንዳልረገጥህ ስልኩ ሳይቋረጥ እናታችን ነግራኛለች። አንተም ተናግረህ ተጸጽተህ ይሆናል፣ እሳቸውም ዝም ብለው ተጎድተዋል። እኔ ከመካከላችሁ ሆኜ ምን አውቄ እፈርዳለሁ?

ከዚያ ፍለጋው መጣ። ሌላ ሞተር ለመፈለግ በመጀመሪያ ያለሽ ምን እንደሆነ ማወቅ አለብሽ አለኝ ሰውአገኝ። ሊብሬው ላይ የተጻፈው “ቢ” የሚባለው የድሮ ላንድክሩዘር ሞተር ነው። አባባም መኪናዋን ከገዙ ጀምሮ ቢ ነው ሲሉ የኖሩት። ሰውአገኝ ብሎኩን በናፍጣ አጥቦ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትጎ ቁጥሩን ሲያወጣው ግን ከቢው ፊት ሦስት ቁጥር ቆማለች። ስሪ ቢ ነው፣ ከቢው በኋላ የወጣ፣ ከእሱ የጠነከረ። መኪናዋን የሸጠላቸው ሰው አስቀድሞ ሞተሯን ለውጦ ኖሯል። ሁለቱ ከውጭ ሲያዩዋቸው መንትያ ናቸው፣ የውስጥ ዕቃቸው ግን አይወራረስም አለን። አባባ ቁጥሯን በጣታቸው ዳሰሷት። ቆይተው፣ ይህን ያህል ዘመን አብሬው ኖሬ ውስጡን አላውቀውም ኖሯል አሉ።

ሰውአገኝ ከመነሻው የራሱ ሐሳብ ነበረው። የፒካፕ ሞተር እንግጠምላት አለ። እዚህ ከተማ የሚመላለሰው ፒካፕ ሁሉ የሚሄድበት ነው፣ ዕቃው በየሱቁ ሞልቷል፣ ከነካምቢዮው፣ ከነማርሽ ሳጥኑ እናስገባዋለን፣ የሚቀመጥበትን ብረት ቆርጠን እንበይዳለን አለ። አባባ እንደ ስድብ ቆጠሩበት። ለበሬ የፍየል ልብ ልትሰጥልኝ ነው አሉት። እሳቸው የሚፈልጉት ያንኑ ስሪ ቢ ነው፤ ዳገት የለመደ፣ ሳይጮህ የሚጎትት።

አንድ ስሪ ቢ አዘዞ አለ ተባለና ሦስታችን በባጃጅ ሄድን። ባለቤቱ ቀለም ቀብቶ አስጊጦ አቆይቶታል። ሰውአገኝ ከሥር የዘይቱን መያዣ ከፍቶ ጣቱን ሲነክር እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ይዞ ወጣ። ውስጡ ተበልቷል አለ። አባባ ግን ቶሎ አልተነሡም። ዞረው ዞረው አዩት፣ ቀንዱን ቅቤ የቀቡት ያረጀ በሬ ነው አሉና መንገድ ጀመሩ። ሁለተኛው ባሕር ዳር ተገኘ፤ ሰውየው በላከው ፎቶ ላይ ሰውአገኝ የብየዳ ጠባሳ አየበት። ሦስተኛው ደህና ነበር፣ ሁላችንም ደስ አለን። ያለው አዲስ አበባ ነው። መንገዱ ተዘጋ። ነገ ይከፈታል፣ ከነገ ወዲያ ይከፈታል ስንባል ሌላ ሰው ወሰደው።

በዚህ ሁሉ አንቺ ምን ሠራሽ ብትለኝ ምንም። ከኋላቸው መሄድ ብቻ። ማታ ወደ ቤቴ ስንመለስ የቁስቋምን ዳገት በአንድ ትንፋሽ አይወጡትም። በየአጥሩ ሥር ይቀመጣሉ። ጠጠር ጫማዬ ገባ ይሉኛል። ጫማቸውን አውልቀው ሲያራግፉት ምንም አይወጣም፣ እኔም አየሁ አልልም። ሱሪያቸውን ከወገቡ አጠበብሁላቸው፣ ብዙ ሳይቆይ ደግሜ አጠበብሁት። የጎንደር ምግብ አይስማማኝም አሉ። ወንድም ዓለም፣ ምግቡን የምሠራው እኔ ነኝ፤ የእናታችንን እጅ ነው የያዝሁት።

ከዚህ በኋላ አንድ ቀን ጋራዥ ሳንሄድ ቀረን። ሌላ ጉዳይ ነበረን፣ ሆስፒታል ስንጠባበቅ ዋልን። ስንወጣ ከአጥሩ ጥላ ሥር ቆሙና ክንዴን ያዙኝ። “ለወንድምሽ ስለ ሞተሩ ጻፊለት፤ ይህን ግን አትጻፊ” አሉኝ። “ቢመጣ ወዶ ይምጣ እንጂ አዝኖልኝ እንዲመጣ አልፈልግም።” ቃል አስገቡኝ። ቃሌን አላፈርስም፣ ስለዚያ ቀን ከዚህ ሌላ የምጽፍልህ የለኝም።

በማግሥቱ ከእኔ ቀድመው ተነሥተው ጋራዥ ደረሱ። ስደርስ ሰውአገኝን ይጠይቁታል። የፒካፑ ሞተር ደባርቅ ላይ ቢበላሽ ማን ይሠራዋል አሉት። ማንም መካኒክ ይሠራዋል አላቸው። እኛ አገርስ፣ መካነ ብርሃን? እጁን ትንሽ ያፍታታ ሰው ይፈታዋል፣ የጎደለውን ዕቃ ከዚህ በመኪና እንልካለን አላቸው። ስሪ ቢውንስ አሉት። ሰውአገኝ እጁን በጨርቅ ጠረገ። እሱን የሚያውቁት እንደ እርስዎ ያሉት ናቸው አያ ክንዱ፣ ዛሬ ዕቃውም ሰውየውም ጠፍቷል አለ።

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“እንግዲያ የፒካፑን ግጠምላት” አሉ። “እኔ የማውቀው ይቅር። ልጄ ሜዳ ላይ ቆሞ እንዳይቀር ማንም የሚጠግነውን ግጠምላት።”

ሰውአገኝ ያን ጊዜ የፍየል ልብ ብለውት አልነበር ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርሁ።

ሞተሩ ተገኘ፣ ተገጠመ። የአሮጌው ብረት ተቆርጦ አዲስ ተበየደ፣ ራዲያተሩ ወደ ፊት ተገፋ፣ ቁጥሩም መንገድ ትራንስፖርት ሄዶ በሊብሬው ላይ ተለወጠ። የተነሣ ዕለት ድምፁ ቀጭን ሆነብኝ። የድሮው ሲነሣ መስኮት ያንቀጠቅጥ አልነበር? አባባ ጆሯቸውን ወደ ኮፈኑ አስጠግተው አዳመጡና ሸጋ ነው አሉ። ሸጋ ሲሉ ድምፃቸውን አውቀዋለሁ፤ ለሰው ልጅ ሠርግ ሸጋ እንደሚሉት ነው ያሉት።

ድንጋይ ጭነን በቁስቋም ዳገት ሞከርናት። ወጣች፤ ግን ጥቁር ጭስ እየተፋች፣ ቀስ እያለች። ሰውአገኝ አልዋሸንም። ቧሂት ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ጉልበት ያጥራታል፣ ጭነት ቀንሶ በአንደኛ ማርሽ መታገሥ ነው አለ። ይህን ለእሱ ጻፊለት አሉኝ አባባ፣ ስለዚህ ጻፍሁልህ። ዳገቱን ከግርጌው በአንደኛ ይጀምር፣ አይቸኩል፣ መርፌው ከግማሽ ካለፈ ያቁም ብለዋል። የታመመ ሰው ቢይዝስ አልኋቸው። እሱን እዚያው ያውቀዋል አሉ።

አባባ ከዚያ ሌላ ሥራ አዘዙ። የሾፌሩን ወንበር ፈትተህ ወደ ኋላ ግፋልኝ አሉት። ሰውአገኝ ወንበሩ ለእርስዎ ቁመት ልክ ነው ሲላቸው፣ ልጄ ረጅም ነው፣ ጉልበቱ ከመሪው ይጋጫል አሉ። ተፈትቶ፣ ተገፍቶ፣ እንደገና ታሠረ። እንዴት እንደሆነ ሊያዩ ወጥተው ተቀመጡበት። እግራቸው ፍሪሲዮኑ ላይ አልደረሰም። እንደ ሕፃን እግራቸውን ሰድደው ፈለጉት፣ አጡትና ሳቁ። ጎንደር ከመጡ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ወርደው በመኪናዋ ፊት ዞሩ፣ በዚያኛው በኩል፣ ከሾፌሩ ጎን ገቡ፣ በሩንም ቀስ ብለው ዘጉት። አባታችን በዚያ በኩል ሲቀመጡ አይተህ ታውቃለህ?

አሁን መኪናዋ አልቃ ቆማለች። የሚያውቁት ሾፌር ነድቶ ይውሰድዎ ብላቸው እምቢ አሉ። ጧት ጧት ጋራዥ ይሄዱና እዚያው ቦታ ገብተው ይቀመጣሉ። ሰውአገኝም ቦታው ቢጠብበውም ውሰዱልኝ አላለንም። ከሰዓት በኋላ ሄጄ አመጣቸዋለሁ፤ ሰሞኑን ደግሞ ክንዴን ሳይዙ አይመጡም።

ወንድም ዓለም፣ ና። ለመኪናዋ ብለህ ና። ሰው ቢጠይቅህ ሞተር አዲስ ስለተገጠመላት ልለምዳት ነው በል፣ እሳቸውም ቢጠይቁህ እንዲሁ በላቸው። ገብሱን ደቦ ጠርተህ ለሰው ስጠው፣ አትጠብቀው። እናታችንንም ይዘሃት ና። ለምን ብትልህ የቁስቋም ንግሥ ደርሷል፣ ልትሳለሚ ነው በላት። የክት ነጠላዋን ትያዝ፣ የቀረውን እኔ እሰፋላታለሁ። የምትሰነብቱበት ቦታ አለኝ፣ አልጋዬን ለቅቄ መደብ ላይ እተኛለሁ። መንገዱ ተዘግቶ ካገኘኸው ምን እንደምልህ አላውቅም። እኔ መንገድ አልከፍት፣ ሐኪም አልሆን፣ ሞተር አልፈታ። መጻፍ ብቻ ነው የቻልሁት።

ትናንት ዳገቱ መሐል ተቀምጠን ሳለ ይመጣል ወይ አሉኝ። ይመጣል አልኋቸው። ውሸታም አታድርገኝ።

የጣናው ቂርቆስ በመንገድህ ይቅደም፣ የቁስቋሟ እመቤት ዳገቱን ሜዳ ታድርግልህ፣ ልጆችህን በእናንተ ጥላ ታሳድግልህ። እናታችንን ጉልበቷን ሳምልኝ ብላለች በላት፣ ሌላ ምንም አትንገራት።

ዓይንህን ለማየት የምትጓጓ
ታናሽ እህትህ