ዓባይ የት የት ያልፋል?

ሚያዝያ 18፣ 1976

ጂኦግራፊ ነበረን። ርዕሱ፦ የወንዝ ዳርና የባሕር ዳር ከተሞች። እዚህ፣ አሰበ ተፈሪ! ወንዛችን ዝናብ ካልመጣ የፍየል መንገድ ነው።

መምህር አጥናፉ ድንገት ወደኔ ዞሩ። «ዓባይ የት የት ያልፋል?»

ምን ነካኝ? «ምጽዋ ላይ አለፈ» አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በክሪ ከኋላዬ፣ «ከሚኤሶ ባቡር ተሳፍሮ ነዋ» አለ።

እውነቱን እኮ ነው። ወንድሜ ዓባይ ከሚኤሶ ነው የተሳፈረው፤ ከባቡር ወርዶ በሐሰን የጭነት መኪና ምጽዋ ሄደ፣ ወደብ ላይ ጭነት ሊያወርድ። መጋቢት 28 ባሕር ገብቶ ሰጠመ። ዋና የት ተምሮ?

መምህሩ አዲስ ናቸው፤ አያውቁም። «ዓባይ ምጽዋን አይነካም» ብለው ደብተሬ ላይ ዜሮ ጻፉ።

በእረፍት በክሪ መጣ። ወላሂ ረስቼው ነው አለ። አገዳውን ለሁለት ሰብሮ ትልቁን ሰጠኝ።

ሚያዝያ 20

ቤታችን ማልቀስ ክልክል ነው። ሾፌሩ ሐሰን ጫማውን ካመጣ ጀምሮ። ዓባይ አሸዋው ላይ አውልቆት ነው የገባው።

«ሰው ጫማውን ልኮ ይሞታል?» አለችው እማዬ። ተቀብላ በር ሥር አስቀመጠችው። አስከሬን ካላየሁ ለቅሶ የለም፣ ፍትሐት የለም...

ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲመጣ «ማን ሞተባችሁ?» ብላ ትጠይቃለች። ግራ ይገባቸዋል። ስለ ሽንኩርት መወደድ አውርተው ይሄዳሉ።

እኔስ? የት ሄጄ ላልቅስ?

ሚያዝያ 25

ጫማውን ቀለም ቀባሁት። ለምን?

ግንቦት 1

ሕዝብ ቆጠራ። ቆጣሪያችን ማን ቢሆን... መምህር አጥናፉ! ትናንት ማታ እዚህ ያደረውን ሰው ሁሉ ይንገሩኝ አሉ። እማዬ ራሷን ቆጠረች። እኔን። ቀጥላ ዓባይን።

የት እንዳለ ጠየቋት። ወደ በሩ አመለከተች። «ጫማው እዚህ አድሯል።»

«ጫማ አይቆጠርም፣ እትዬ ዘውድነሽ።»

«ታዲያ በባዶ እግሩ የት ይሄዳል?»

መምህሩ እኔን አዩ። እኔ መሬት መሬት። ያኔ ገባቸው። ብዕሩ አየር ላይ ቆመ፣ ቆመ... ከዚያ ጻፉ። ሦስት ሰው።

ምጽዋም መሞቱን ያልሰማ ቆጣሪ ቆጥሮት ይሆናል። በሕይወት እያለ አንድ ሰው ነበር። አሁን የሁለት ከተማ ሕዝብ ሆነ።

ግንቦት 3

መምህሩ ከክፍል አስቀሩኝ። ስለ ዓባይ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ትልቁን ካርታ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ምጽዋን አይነካም ብዬሃለሁ። ተሳስቼ እንደሆነ ፈልግ።»

ግንቦት 5

እማዬ ምስር ትለቅማለች። ካርታውን አጠገቧ ዘረጋሁት። ከሰፌዱ ምስር እያነሳሁ በየከተማው አንዳንድ ፍሬ አስቀመጥኩ። ባሕር ዳር። ካርቱም፤ እዚያ ከነጩ ዓባይ ጋር ይገናኛል። ካይሮ፤ ያን ሁሉ ሕዝብ ያጠጣል። እስክንድርያ አጠገብ ባሕር ይገባል። አለቀ... አላለቀም! ባሕሩ ዳር ፖርት ሰይድ አለ። ከዚያ ሰው የቆፈረው ቦይ። ስዊዝ። ቀይ ባሕር። ቁልቁል፣ ቁልቁል... ምጽዋ።

መልቀሟን ትታለች።

«ወንዙ እዚህ ይደርሳል?»

«ዞሮ ዞሮ ይደርሳል፣ እማዬ።»

ምጽዋ ላይ ያለችውን ፍሬ በጣቷ ነካቻት። አላነሳቻትም።

«ሞክሼው ወሰደዋ» አለች። ተነሥታ ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

ግንቦት 7

አርባው። ፍትሐት ተደረገ። ጎረቤቱ አርባ ቀን የቋጠረውን ዛሬ አፈሰሰው። የበክሪ እናት እትዬ ዙህራ ድምጿ እስኪዘጋ አለቀሰች። እኔም። ማንም ዝም በል አላለኝም።

መምህር አጥናፉም መጡ። እማዬ ያንን ልጅ ከወረቀቱ ሰርዙልኝ አለቻቸው። ወረቀቱ አውራጃ ሄዷል፣ አይመለስም አሏት። 

«ይሁን። አሰበ ተፈሪ በአንድ ሰው ትብለጥ።»

ካርታውን መለስኩላቸው። ምስሯ የነበረችበት ነጥብ ላይ ከእማዬ ጣት ትንሽ ቅባት ቀርቷል። አዩት። ደብተሬን አስመጥተው ከዜሮው ፊት አንድ ጻፉ። አሥር ሆነ።

ዛሬ በር ሥር ጫማ የለም። እማዬ አንሥታ ሰጠችኝ። ሰፋኝ። ጨርቅ ጠቅጥቄ አደረግኩት።