በመምህራን ጉባኤ ያልወጣኝ ቃል

ውድ ጊሌን፣

ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ የመጣ ደብዳቤ ነው። “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” ብለሽ ብትስቂብኝ ይገባኛል።

ዛሬም ያው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ያው ክፍል ውስጥ ነኝ። መስኮቱ የሚያሳየው ያንኑ የሱፍ ጨርቅ ፋብሪካ ግንብ ነው፤ ፋብሪካው ተዘግቶ እንኳ ግንቡ አልፈረሰም። በየዓመቱ “ሰው ነጻ ነው፤ አለመምረጥም ምርጫ ነው” ብዬ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ እኔ አጠፋዋለሁ። ዘንድሮ እወጣለሁ፣ ከርሞ እወጣለሁ ስል ጸጉሬ ሸበተ።

ያን ዓመት ስለ ነጻነት ድርሰት ጻፉ ብያችሁ ነበር። እንደ ደንቡ ድርሰቱ ሦስት ክፍል አለው፤ መጀመሪያ ትደግፊያለሽ፣ ቀጥሎ ትቃወሚያለሽ፣ በመጨረሻ ታስታርቂያለሽ። አንቺ ግን እናትሽ እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ፊት ቆማ ስለምትውለው ውሎ ብቻ ጻፍሽና “ተቃራኒውን ሐሳብ ፈልጌ አጣሁት” ብለሽ ዘጋሽው። አውቶቡስ ውስጥ ሳነበው መውረጃዬ አለፈኝ። ቤቴ ገብቼ ግን ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁና፣ ደንቡን አልጠበቀም ብዬ፣ ከሃያው ስድስት ብቻ ሰጠሁሽ።

መጋቢት ላይ ጉባኤው ተቀመጠ። ሊል ከተማ ለታላላቅ ኮሌጆች መግቢያ ለሚያዘጋጀው የመሰናዶ ትምህርት ያመለከትሽው ይደገፍ አይደገፍ የሚወሰነው እዚያ ነበር። አንቺም የክፍሉ ተወካይ ስለነበርሽ ደብተርሽን ይዘሽ ጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጠሻል። ተወካይ የራሱንም ጉዳይ ቁጭ ብሎ ይሰማል።

“በፍልስፍና ስድስት!” አሉ ርእሰ መምህሩ ሙሴ ዴልባር። “ሊል ሄዳ ከምታፍር እዚሁ ከእናቷ ጋር ብትሠራ አይሻላትም? ማዳም ዋቲዬ፣ የሚሉት አለ?”

“የለኝም” አልኩ። ይህንንም ደብተርሽ ላይ ጻፍሽው።

ኮሪደር ላይ ደረስሽብኝ። “ማዳም፣ አለመምረጥም ምርጫ ነው ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?”

“ነገሩ እንደምታስቢው ቀላል አይደለም፣ ጊሌን።”

“ታዲያ ለምን ቀላል አድርገው አስተማሩን?” አልሽና ድርሰትሽን እጄ ላይ ጥለሽ ሄድሽ።

ፈርቼ ነበር። ገና ቋሚ ያልሆንኩ መምህርት ነበርኩ፤ ትንፍሽ ብል የሚያባርሩኝ መስሎኝ ነበር። መስከረም ላይ ከእናትሽ ጋር በፋብሪካው በር ስትገቢ በዚሁ መስኮት አየሁሽና መጋረጃውን ዘጋሁት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ጉባኤ አለን። ሉዶቪክ የሚባል ተማሪ አለኝ፤ እሱም እንዳንቺው አመልክቷል፣ ውጤቱም እንዳንቺው ነው። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩልሽ ዛሬም ዝም እንዳልል ነው።

*

ተመልሻለሁ። አዲሱ ርእሰ መምህር “ሉዶቪክ፣ አይደገፍም። የሚሉት ያለ?” ሲል “አለኝ” አልኩ። “ይህ ልጅ በራሱ ጭንቅላት ያስባል። እሱን ካልደገፍን እዚህ ምን ልናስተምር ተቀመጥን?”

“እሺ፣ ይደገፋል በሉት” አለ፣ ቀና እንኳ ሳይል። “ቀጣይ!”

በቃ፣ ይኸው ነው። ማንም አልተቆጣኝም። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ሙሴ ዴልባር ቢሆኑ እምቢ ይሉኝ ነበር ብዬ ልጽናና ሞከርኩ። እኔ ምን አውቃለሁ? አልጠየቅኋቸውማ!

ድርሰትሽን አብሬ ልኬልሻለሁ። ስድስቷን ልሰርዛት እስክሪብቶ አንስቼ ነበር፤ ተውኩት። የሰጠሁሽ እኔ ነኝ።

መጋረጃውን ዛሬ የከፈተችው፣
ኦዲል ዋቲዬ