ድንጋይ ተሸክመው ልጃቸው ደጅ የቆሙት መሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ ይግዛው

ባለፈው መስከረም መሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ የልጅ ልጃቸውን ሶልያናን «ወረቀት ይዘሽ ነይ» ሲሏት፣ ኑዛዜ የሚያስጽፉ መስሏት የንስሐ አባታቸውን ጠርታ መጣች። «ቄሱን ሸኚያቸው፤ ለእሳቸው የምነግረውን ነግሬያለሁ። አንቺ የምትጽፊው በቀብሬ ዕለት የሚነበበውን ነው» አሏት። በቀብር ላይ ሟች ሁሉ ጻድቅ ሆኖ መነበቡን ዕድሜ ልካቸውን የነቀፉ ሰው ነበሩና፣ በእርሳቸው ቀብር ጥፋታቸው እንዳይዘለል አዘዙ። ይህ ጽሑፍ በዚያ ትእዛዝ ተዘጋጀ።

መሪጌታ ከአባታቸው ከቄስ ይግዛው ደርቤና ከእናታቸው ከወ/ሮ ስንቄ ያርጋል በ1938 ዓ.ም. በጃናሞራ ተወለዱ። ከአባታቸው ፊደል ቆጥረው፣ ዳባት ሄደው ዜማና ቅኔ ተማሩ። በ1963 ዓ.ም. በደባርቅ የዜማ መምህር ሆኑ። በዚያው ዓመት ከወ/ሮ ጥበብ ቻላቸው ጋር ተጋብተው ምስክርን፣ እሌኒንና እየሩስን ወለዱ።

ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ቆመው የተዝካር ፉክክርን፣ በልቅሶ ቤት ስልክ አውጥቶ መቅረጽን፣ በሠርግ ድምፅ ማጉያ መትከልን ያለ ርኅራኄ ይነቅፉ ነበር። ወጣቶች «አባ ክልክል» ይሏቸዋል፤ ሰምተው ይስቃሉ። ለተዝካር ሊያርዱት የነበረውን የእርሻ በሬ በእርሳቸው ቃል መልሰው የጠመዱ ገበሬዎች ዛሬ እዚህ ቆመዋል።

ሳይዘለል ይነበብ ያሉት ይህ ነው። ልጃቸው ወ/ሮ እሌኒ በ1990 ዓ.ም. የዛሪማውን አቶ ያየህ ሰማኸኝን ሲያገቡ ሙሽራው ኦርጋን ተጫዋች ይዘው መጡ። መሪጌታ ከቤት ወጥተው ቤተ ክርስቲያን ዋሉ። ሙሽራዋ የአባታቸውን ጉልበት ሳይስሙ፣ ሳይመረቁ ሄዱ። በማግስቱ እሑድ ያን ሠርግ በዐውደ ምሕረት ስም ጠርተው ነቀፉት። ዐሥራ ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም። ወ/ሮ ጥበብ በ2001 ዓ.ም. ሲያርፉ እንኳ አባትና ልጅ በአንድ ድንኳን ሁለት ጥግ ተቀመጡ።

በዓመቱ መሪጌታ ብቻቸውን በአውቶቡስ ሊማሊሞን ወርደው ዛሪማ ገቡ። ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንሥተው፣ በአንገታቸው ተሸክመው ልጃቸው ደጅ ቆሙ። አቶ ያየህ የሰው ሽማግሌ ሆነው የመጡ መስሏቸው «ለማን ሊለምኑ መጡ አባታችን?» አሉ።

«ለራሴ።»

ወ/ሮ እሌኒ ሮጠው ወጡ። «ኧረ ይጣሉት አባቴ! አባት ለልጁ ድንጋይ ይሸከማል?»

«ስለ ኦርጋኑ ያልሁትን አልመልስም። ሳልመርቅሽ መቅረቴን ግን ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» እስኪባሉ ድንጋዩን አላወረዱም። ጉልበታቸው የተሳመው ያን ዕለት ነው። የወ/ሮ እሌኒ ልጅ ሶልያናም አያቷን ያወቀችው ያን ዕለት ነው።

መሪጌታ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በ79 ዓመታቸው ዐረፉ። ሦስት ልጆችና ሰባት የልጅ ልጆች ትተዋል። ያስተማሩትን ዜማ ከመላእክት ጋር የሚያዜሙበትን ስፍራ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ይህ ጽሑፍ ትናንት ለወ/ሮ እሌኒ በስልክ ሲነበብላቸው «የድንጋዩ ነገር ይውጣ፤ አባቴን በሰው ፊት አታሳንሽብኝ» አሉ። ሶልያና የአያቷን ትእዛዝ ነገረቻቸው። ስልኩን ዘጉ። ዛሬ ጠዋት ከዛሪማ ሲደርሱ ያን ድንጋይ በነጠላ ጠቅልለው ይዘው መጥተዋል። ከመቃብሩ ራስጌ ይቀመጣል።