ለቤቲ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

ሰኞ

ወሰደብኝ! ጋሼ ተፈራ፣ የሌላኛው ቤዝቦል ቡድን አሰልጣኝ፣ ዳዊትን ወሰደብኝ። ፒቸሬን፣ ያለ እሱ ቡድኑ ቡድን የማይሆነውን ኳስ ወርዋሪዬን። አወሳሰዱስ! የዳዊትን ልጅ ክርስትና አነሳና አበልጅ ሆኑ። ከዚያ ወዲያ «እኔ ቡድን ና» ሲለው ማን እምቢ ይላል? ጋሼ ማለቱን ባልተውም አንቱታውን ከዛሬ ጀምሮ አንስቼበታለሁ።

ዳዊት ሞርስ ሮድ ላይ አገኘኝና አንገቱን ደፍቶ «እትዬ ስንዱ፣ አበልጄ ነው፣ ምን ልበለው?» አለኝ። በሊጋችን ደንብ ተጫዋች ቡድን የሚቀይረው የነበረበት ኮች ከፈቀደ ብቻ ነው። መከልከል እችል ነበር። እልሄ መጣና «ሂድ! መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» አልኩት። እዚያው ቆሜ ለሊጉ ኦኬ ብዬ ቴክስት አደረግኩ። ቤት ስገባ ጣቴን ነከስኩ።

ይሄ ልጅ እኮ የኔ ግኝት ነው። ክሊቭላንድ አቬኑ መኪናዬን ላሳጥብ ገብቼ፣ እርጥብ ስፖንጅ ከግቢው ጫፍ ወርውሮ የጓደኛውን ማጅራት ሲያገኝ አየሁት። መኪናዬ ሳይደርቅ ለመንኩት። ሳሚንም መንጃ ፈቃድ ሊፈተን ሲል መኪናዬን አውሼው፣ ሲያልፍ «በል አሁን ባት አንስተህ ኳስ ምታልኝ» ብዬ ነው ያመጣሁት። ጋሼ ተፈራ ግን ሰው ፈልጎ አያውቅም። ሌላው ፈልጎ ያገኘውን ነው የሚወስደው።

እሁድ የምንጋጠመው ከእሱ ጋር ነው። አሳየዋለሁ።

ማክሰኞ

ስኩል ባሱን ስነዳ ለራሴ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ከኋላዬ ያሉት ልጆች «ሚስ፣ ሁ አር ዩ ቶኪንግ ቱ?» ይሉኛል። ለጋሼ ተፈራ ነዋ!

ምን ልውሰድበት ስል ዋልኩ። ከሰዓት መጣልኝ። ልጁን! ቤቲን! እዚህ የተወለደች፣ ሃይስኩል እያለች ኳስ ከአጥር ታሻግር የነበረች ልጅ ናት። አባቷ ቡድኑ ውስጥ ስሟን አስገብቶ ውሃ ያሳድላታል። «ኳስ ቢመታት ለእናቷ ምን እላለሁ» ይላል አሉ። ኮል አደረግኳት። ተናግሬ ሳልጨርስ «ኦ ማይ ጋድ፣ የስ!» አለች። ወዲያው ደግሞ ድምጿ ወረደ። «በት ማይ ዳድ...»

አዎ፣ ዳድሽ። መፍቀድ ያለበት እሱ ነው። እኔ ብጠይቀው ይስቅብኛል። በሽማግሌ ግን አይስቅም። ሽማግሌ እልክበታለሁ!

ረቡዕ

ጋሼ ወርቁና ሐጂ ከድር እሺ አሉኝ። ጋሼ ወርቁ በዚህ ከተማ ያላጋቡት ሰው የለም። ሐጂን ደግሞ ጋሼ ተፈራ ከአገር ቤት ጀምሮ ስለሚያከብራቸው ፊታቸው ቀና ብሎ አይናገርም። ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ጋሼ ወርቁ «ቤዝቦሉን ተይው፣ ወጉን እኔ አውቃለሁ» አሉኝ። ይቺ «ተይው» ትንሽ አላማረችኝም።

ሐሙስ

ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ማምሻውን ሱፍ ለብሰው ሂሊያርድ ሰፈር ጋሼ ተፈራ ቤት ሄዱ። ሐጂ በስልክ እየሳቁ ነገሩኝ። ለካ ጋሼ ወርቁ የሚያውቁት ንግግር አንድ ብቻ ነው! አልቀመጥም ብለው ቆመው «የመጣነው ልጅዎን ልንጠይቅ ነው፤ ፈላጊዎቿ ጨዋ ሰዎች ናቸው» አሉ። የጋሼ ተፈራ ሚስት እልልታዋ አመለጣት። እሱም ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ልጄ ሳታገባ ቀረች እያለ ሲብሰለሰል የከረመ ሰው ነው። በወጉ «ተመካክረን እናሳውቃለን፣ ተመለሱ» ማለት ነበረበት። ደስታው አስቸኮለውና «እሷ ከፈቀደች እኔ ፈቅጃለሁ! በሐጂ ፊት ቃሌ ነው!» አለ።

ቤቲ ከፎቅ ወረደች። «ዳድ፣ ኢትስ ፎር ቤዝቦል።»

ሐጂም «ለስንዱ ቡድን ነው» ብለው ጨመሩለት። ቀላ፣ ጠቆረ፣ ግን ቃሉን በሐጂ ፊት እንዴት ይጠፈው? ስልኩን አውጥቶ ለሊጉ ኦኬ አለ። እሰይ! እሰይ! የእጁን አገኘ።

ዓርብ

ልምምድ ላይ ቤቲ አንዱን ኳስ ስትመታው ሳሚ ሮጦ ሮጦ ተስፋ ቆረጠ። ሁላችንም ጮህን። ስንወጣ ግን መኪናው ጋ ቆማ «ኢዝ ሂ ጎና ቢ ማድ?» አለችኝ። ይናደዳ! ለዚያ አይደል ያመጣሁሽ! ልላት ነበር። ዋጥኩት።

እሁድ

አሸነፍን! ዳዊት ወረወረ፣ ቤቲ መታች፣ ኳሷ ከአጥሩ ማዶ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ አረፈች። እኔ ኳሷን አላየሁም፤ ያየሁት ጋሼ ተፈራን ነው። ፊቱ ሲጠቁር ለማየት ነው ሳምንቱን ሙሉ የኖርኩት። ሰውዬው ቆሞ ያጨበጭባል! «የኔ ልጅ ናት! የኔ ልጅ ናት!» እያለ የተመታበትን ዳዊትን አቅፎ ይዘላል። ቤቲም ሜዳውን ዞራ ስትጨርስ ወደ እኛ አልመጣችም። ቀጥ ብላ እሱ ጋ ሄደች።

በንዴት ልፈነዳ ነው። እኔ ልበቀል ብዬ ሰውዬውን አስደስቼው ቁጭ!

ሰኞ

ከሥራ ስመለስ ደጄ ላይ ሱፍ የለበሱ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ጋሼ ወርቁና ሐጂ ከድር። ጋሼ ተፈራ ልኳቸው ነው። ግቡ አልኳቸው፣ ገቡ፤ አልቀመጡም። ጋሼ ወርቁ ያችኑ ንግግር ሲጀምሩ «ቤቲን መልሽልኝ አለ?» ብዬ አቋረጥኳቸው።

«የለም» አሉ ሐጂ። «ቤቲማ እዚያው ትሁን ብሏል። እኔ ራሴ ልምጣ፣ ቡድኔን ከቡድንሽ ላቀላቅል፣ ዳዊትም ይመለስልሽ ነው የሚለው። ልጄን ከአንድ ወገን ሆኜ ልያት ይልሻል።»

ሆዴ ባባ። እውነቱን ልጻፍ፣ ባባ። እሺ ልል አፌ ላይ ደርሶ የዳዊት የተደፋ አንገት ትዝ አለኝ፤ እንዲህ በቀላሉማ አለቀውም። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ተመካክሬ አሳውቃለሁ፤ ተመለሱ» አልኳቸው።

«ከማን ጋር ነው የምትመካከሪው? ብቻሽን አይደል የምትኖሪው?» አሉ ሐጂ።

«ከራሴ ጋር።»

እየሳቁ ወጡ። እሺ እንደምል እኔም አውቃለሁ፣ ሐጂም ያውቃሉ። ጋሼ ተፈራ ግን አያውቅም። ይቺን ሳምንት ደግሞ የእሱ ከንፈር ይንቀሳቀስ።